በልጉ ከድቶን ክረምቱ ጠርጎን፦ የደረቀ መሬት ዝናብ ሲመጣ ለምን አይጠግብም?

ከኮምቦልቻ የተላከልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ በቃሉ ወረዳ ሁለት ቦታ መሬት አላቸው። አንዱ ከተራራ ሥር ያለ ተዳፋት፣ ሌላው ቦርከና ወንዝ ዳር ያለ ጥቁር አፈር ነው። ዘንድሮ በልጉ ሙሉ በሙሉ ከዳን፤ በሚያዝያ የዘራነው ማሽላ ሳይበቅል ቀረ። በሐምሌ ጤፍ ተካንበት። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጎርፍ መጥቶ ተዳፋቱን ጠረገው፣ ሜዳውን አጥለቀለቀው። አሁን ግማሹ ማሳ ላይ ደለል ተኝቷል። አባቴ ‹ደለል በረከት ነው› ይላሉ፣ ወንድሜ ደግሞ ‹መሬቱ ሞቷል› ይላል። የማንን እንስማ? ውኃ የተጠማ መሬት ውኃ ሲመጣለት ለምን አይጠጣም? ምንስ እናድርግ?»

እህቴ፣ አባትዎም ወንድምዎም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የማንኛው እንደሚያመዝን የሚታወቀው ደለሉ ተመርምሮ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የመካከለኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ የሌላው ሁሉ ሥር እሱ ነው። ድርቅንና ጎርፍን እንደ ሁለት ተቃራኒ ቁጣዎች የመቁጠር ልማድ አለን። በማሳ ላይ ሲታዩ ግን አንዱ ሌላውን የሚወልድ፣ የአንድ ጉድለት ሁለት መልኮች ናቸው። ጉድለቱም አፈሩ ውኃ ማስገባትና ማቆየት አለመቻሉ ነው።

በቁጥር እንየው። በአንድ ሄክታር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አሥር ሺህ ሊትር ውኃ ነው። ተዳፋቱ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ያህል ነው እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በዚያች ጥማድ ላይ 75 ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል 375 ይሞላል። አፈሩ በሰዓት ማስገባት የሚችለው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ 25 ሺህ ሊትሩ ይሰርጋል፤ 50 ሺህ ሊትሩ አፈር ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ያው 30 ሚሊ ሜትር በሦስት ቀን ተከፋፍሎ በዝግታ ቢወርድ ኖሮ አብዛኛው በሰረገ ነበር። የዝናብ መለኪያው በሁለቱም ጊዜ የሚመዘግበው «30» ነው፤ በወረቀት ላይ ልዩነት የለም፣ በማሳው ላይ ግን አንዱ ጥጋብ ሌላው ጎርፍ ነው። «ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ከአምናው አላነሰም» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥምዎ ሐሰት እየተናገረ አይደለም፤ የተናገረው ግን ስለ ሰማዩ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መሬቱ እንግባ። አሸዋም ሸክላም ያላመዘነበት ደህና አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሥር ሊመጠው የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ይይዛል። ተዳፋቱ ላይ ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 45 ሚሊ ሜትር ያዘ ማለት ነው። በፀሐያማ ቀን አንድ ያደገ ሰብል 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢጠቀም፣ ዝናብ ቢቋረጥ አሥር ቀን ይታገሣል። ጎርፍ ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ጠርጎ ከወሰደ የቀረው 30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትዕግሥቱ ሳምንት አይሞላም። ጎተራው ጠበበ ማለት ነው። በአያትዎ ዘመን ማንም ልብ የማይለው የስምንት ቀን የዝናብ መቋረጥ ዛሬ ጤፉን የሚያጠወልገው ሰማዩ ስለተለወጠ ብቻ ሳይሆን የአፈሩ ጥልቀት ስለቀነሰም ነው። ጎርፍ በሄደበት ዓመት ብቻ ጉዳት አድርሶ አይቀርም፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት ድርቅ አስቀምጦ ይሄዳል።

10 ሳንቲ ሜትር የተጋነነ ከመሰለዎ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ከደሴ በስተደቡብ በአልቡኮ በኩል ባለችው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር መከላትን የሚለካ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል፤ በአገራችን በአፈር ጥበቃ ምርምር መርሐ ግብር ከተከፈቱት ጣቢያዎች የመጀመሪያው ነበር። በእነዚህ ጣቢያዎች ልኬት ላይ ተመሥርቶ በኋላ የወጣው በስፋት የሚጠቀስ ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከሄክታር 42 ቶን አፈር ያጣል ይላል። 42 ቶን በማሳው ላይ እኩል ቢነጠፍ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነው። በዓይን አይታይም፤ ማንም ገበሬ «ዘንድሮ 4 ሚሊ ሜትር አጣሁ» ብሎ አያዝንም። በሃያ አምስት ዓመት ግን 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ድርቁ በበኩሉ ለጎርፉ መንገድ ይጠርግለታል። በልግ በከዳ ዓመት ማሳው ላይ የሚበቅል ነገር የለም። የአምናው የማሽላ አገዳ ለከብት መኖና ለማገዶ ይነሣል፤ ኩበቱ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ የቀረውን ቃርሚያ ከብቱ እየዞረ ይግጠዋል፣ አፈሩንም በኮቴው ያደቀዋል። አፈርን እንደ እንክብል አድርጎ የሚያያይዘው ብስባሽ ነገር በየዓመቱ ካልተተካ እንክብሉ ይፈርሳል። ከዚያ የሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ራቁቱን በቀረ አፈር ላይ ይወርዳል። ጠብታው የፈረሰውን አፈር ያደቀዋል፣ ደቃቁ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ፀሐይ ሲወጣ ከላይ ስስ ቅርፊት ይሠራል። ተዳፋቱ ላይ ሄደው ቅርፊቱን በጥፍርዎ ያንሡት፤ ከብር ሳንቲም ብዙም አይወፍርም። ሥሩ ያለው አፈር ከከባድ ዝናብ ማግስት እንኳ ደረቅ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፦ መሬቱ የማይጠጣው አፉ ስለተደፈነ ነው።

የጥቁሩ አፈር ጠባይ ሌላ ነው። ዋልካ የሚባለው ይህ አፈር በደረቅ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ በልግ በጠፋበት ግንቦት ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ከሥር በታች ይወርዳል፤ ላይ ላዩን ያለው ቡቃያ አያገኘውም። ቀጥሎ ሸክላው ይነፋና ስንጥቁ ይገጥማል። ከዚያ ወዲያ ውኃ የሚያስገባው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ውኃው ይተኛበታል። ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ ያለው አየር በአንድና በሁለት ቀን ያልቃል። ሥርም ይታፈናል። አየር ያጡት ደቂቅ ነፍሳት በአየሩ ፈንታ ናይትሬትን፣ ማለትም ተክል የሚመገበውን የናይትሮጅን ዓይነት፣ መጠቀም ይጀምራሉ፤ ናይትሮጅኑም ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በሐምሌ በውድ ገዝታችሁ የበተናችሁት ዩሪያ ከፊሉ በዚህ መንገድ ጠፍቷል። ናይትሬቱ ሲያልቅ በአፈሩ ውስጥ ወዳለው ብረት ይዞራሉ፤ አፈሩ ግራጫና ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። ውኃው ብዙ ከቆየ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በአካፋ አንድ ጉማጅ ቆርጠው ቢያወጡና ይህን ቀለምና ሽታ ቢያገኙ፣ ወንድምዎ «ሞቷል» ያለው ይህንኑ ነው። ግን አልሞተም። ውኃው ሲወጣለትና አየር ሲገባው በሳምንታት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል።

«የአየር ንብረት ለውጥ ነው ወይ?» ብለው በቀጥታ አልጠየቁኝም፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ስለሆነ ግን ላንሣው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ያድጋል። ይህ ቁጥር ሁለት ስለት አለው። በዝናብና በዝናብ መካከል ባለው ጊዜ ሞቃቱ አየር ከአፈሩ ውስጥ የበለጠ ውኃ ይመጥጣል። ሲዘንብ ደግሞ ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። የወሎ ገበሬ «ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ፣ ተናዶ ዘንቦ፣ ቶሎ ወጣ» የሚለው ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ በየጥቂት ዓመቱ የሚሞቅበት ክስተት፣ ሲጨመርበት ይብሳል፤ በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም የተጎዳው ለዚህ ነበር።

ቢሆንም ሁሉንም ነገር በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ አልወድም። ወሎ በ1966ም በ1977ም ድርቅ አይቷል። ያን ጊዜ ድርቁን ወደ እልቂት የለወጠው የሰው ሥራና የሰው ቸልታ መሆኑን ከማንም በላይ ወሎዬ ያውቃል። ዛሬም ጎርፉን የሚያባብሱ፣ ከሰማይ ያልመጡ ነገሮች አሉ። ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ገደማ ናቸው፤ ቦርከና ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው በአጭር ርቀት ነው። የሁለቱ ከተሞች ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን በየዓመቱ ሲሰፋ ቀድሞ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ውኃ ወዲያውኑ ወደ ወንዙ ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ ራስዎ ያረጋግጡ፦ ከተዳፋቱ በላይ በቅርብ ዓመታት መንገድ ተቆርጦ እንደሆነ ይመልከቱ። በየቦታው የምመለከተው ነውና፣ የመንገድ ቱቦ ውኃውን ሰብስቦ የገበሬ ማሳ ላይ አፉን ከፍቶ ይተዋል፤ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። እንዲህ ከሆነ እርከን መሥራት ብቻውን አያድናችሁም። በቀበሌው በኩል አቤት ብላችሁ ቱቦው የሚፈስበት መውረጃ በድንጋይ እንዲሠራ መጠየቅ አለባችሁ፤ መብታችሁም ነው።

ወደ ደለሉ እንመለስ። አባትዎ «በረከት» ሲሉ የሚያስቡት ከደጋው ታጥቦ የመጣውን ለምና ደቃቅ አፈር ነው፤ የቦርከና ሜዳ ራሱ በዚህ ዓይነት ደለል የተገነባ ነውና ልክ ናቸው። ጎርፍ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አያመጣም። ውኃው በኃይል በሚሄድበት ቦታ ጠጠርና አሸዋ ይጥላል፤ በሚዘገይበት ቦታ ደቃቁን። በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ላይኛው ጫፍ አሸዋ፣ ታችኛው ጫፍ ለም ደለል ሊሆን ይችላል። መለየቱ ቀላል ነው። ከየቦታው የተወሰደ ደለል በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ይጨምሩ፣ ውኃ ይሙሉበት፣ ጥቂት ኦሞ ያክሉና በኃይል ንጠው ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ሰዓታት ይፈጃል፣ ሸክላው እስከ ማግሥቱ ውኃውን ያደፈርሰዋል። ከግማሽ በላይ አሸዋ ሆኖ ካገኙት በረከትነቱ ይቀራል።

ቀጥሎ ውፍረቱን ይለኩ። እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ በተለመደው እርሻ ከነባሩ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ በላይ እስከ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ደጋግሞ ማረስ ይፈልጋል። ከዚህ ካለፈ የበሬ ማረሻ ነባሩን አፈር አይደርስበትም። ደቃቅ ከሆነ እንደ አዲስ መሬት ቆጥሮ ፍግ እየጨመሩ ማረስ ነው፤ አሸዋ ከሆነ በደቦ እየዛቁ ማውጣት ወይም ያን ክፍል ለዝሆኔ ሳር መተው ይሻላል። አሸዋ ላይ ጤፍ እየዘሩ በየዓመቱ ማዳበሪያ መጨረስ ኪሳራ ነው።

በኮምቦልቻ አካባቢ ላለ ሰው ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። በከተማዋ ፋብሪካዎች መካከል አልፈው ቦርከናን የሚቀላቀሉት ጅረቶች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች እንደሚይዙ በጥናት ተለክቷል። እነዚህ ብረቶች ከደቃቅ ደለል ጋር ይጣበቃሉ፤ ማለትም በጠርሙሱ ውስጥ «ለም» ብለን የምናመሰግነው ክፍል ላይ። መሬታችሁ ጅረቶቹ ከቦርከና ከሚገናኙባቸው ቦታዎች በላይ ከሆነ አትጨነቁ። በታች ከሆነ ግን ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ከመትከላችሁ በፊት አፈሩን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ላቦራቶሪ ላኩ።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ጤፍ በተመለከተ፣ ለመገልበጥ አትቸኩሉ። ጤፍ ውኃ መቋጠርን ከበቆሎ በተሻለ ይችላል። ከተለያየ ቦታ ጥቂት ተክል ነቅለው ሥሩን ይዩት። ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚላላጥ ከሆነ አልቋል። ውኃው ካለበት ቦይ ከፍታችሁ አውጡት፤ መውጫውን ግን ከታች ካሉት ጎረቤቶች ጋር ተነጋግራችሁ እስከ ወንዙ አድርሱት፤ አለበለዚያ ችግሩን ከእናንተ ማሳ ወደ እነሱ ማሳ ማዛወር ነው። ዩሪያ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ አትበትኑ። ውኃው ወጥቶ፣ አፈሩ አየር አግኝቶ፣ ተክሉ አዲስ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ በኋላ ጥቂት ብትሰጡት ይጠቅመዋል። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ማሳ ላይ በቆሎ ብትዘሩና ቅጠሉ ወይን ጠጅ ቢሆን አይደንግጡ፤ ፎስፈረስን ለሥር የሚያቀብሉት ፈንገሶች በጎርፉና አፈሩ ያለ ተክል በመቆየቱ ተጎድተው ነው።

እርጥብ ዋልካ ላይ በሬም ሰውም አይግባ። በእጅዎ አንድ ጭብጥ አድቦልቡለው ከወገብ ከፍታ ይጣሉት። ከተበታተነ ይታረሳል፤ ጠፍጥፎ ከቀረ ይታገሡ። በእርጥቡ የታረሰ ጥቁር አፈር ጓሉ ለዓመት የማይፈርስ ጡብ ይሆናል።

ጤፉ ካለቀ ጥቁሩ አፈር አሁንም ሁለተኛ ዕድል አለው። ውኃን አጥብቆ መያዙ በነሐሴ ቢጎዳም በመስከረም ይክሳል፤ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። ቆላ ቀመስ ቦታ ከሆነ ማሾም በሁለት ወር ከግማሽ ገደማ ይደርሳል፤ ገበያውም መጥፎ አይደለም። ጓያ ከሁሉም ይልቅ ቻይ ነው፣ ውኃም ድርቅም አይበግረውም፤ ችግሩ ሌላ እህል በሌለበት ዓመት ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ይሰብራል። ከዘራችሁ ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀላችሁ ተመገቡ፤ ለብቻው የቤቱ መሶብ አይሁን።

በሚቀጥለው በልግ ሙሉ ተስፋችሁን ሚያዝያ ላይ በሚዘራው ረጅም ጊዜ የሚወስድ ማሽላ ላይ ከመጣል፣ የተወሰነውን መሬት ፈጥኖ ለሚደርስ ዝርያ አቆዩለት። በምርምር ከወጡት መካከል ጎብዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራንም ይቋቋማሉ፤ አቀንጭራ ደግሞ ድርቅ ባጠቃውና አፈሩ በሳሳ ማሳ ላይ የሚበረታ አረም ነው። አባትዎ አገዳው አጭር ነው፣ ከብቱ ምን ይበላል፣ ቀድሞ ስለሚያፈራ ወፍ ይፈጀዋል ብለው ቢከራከሩ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ነው በሙሉ ሳይሆን በከፊል ያልሁት። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከየወቅቱ በፊት የሚያወጣውን ትንበያ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጠይቁ፤ የምትከፋፍሉትን መጠን ለመወሰን ይረዳችኋል።

ጉልበታችሁ ለአንድ ማሳ ብቻ ከበቃ ተዳፋቱን አስቀድሙ። የሜዳው ጎርፍ ከፊሉ ከዚያ የሚነሣ ነው። ካብ እርከን ይሠራ፣ በእርከኑ ጫፍ ላይ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሳር ይተከል፤ ሳሩ እየታጨደ ለከብት ስለሚሆን እርከኑን የሚጠብቅ ሰው ታገኛላችሁ። ጥር ላይ በዘመቻ ተሠርቶ የካቲት ላይ በልቅ ግጦሽ የሚፈርስ እርከን ከደሴ እስከ ከሚሴ መቁጠር ይቻላል፤ እርከን ከብት ካልታሰረለት ድንጋይ መደርደር ብቻ ነው። የማሽላው ሽልሻሎ፣ ማለትም በቡቃያው መካከል የሚደረገው እርሻ፣ አግድም፣ የዳገቱን ወገብ ይዞ ይሠራ፤ በቦዮቹም ውስጥ በየጥቂት እርምጃው አፈር ገድባችሁ ውኃው እንዲቆም አድርጉ። ድንጋዩን ሁሉ ለቅማችሁ አታውጡ፤ አባቶች ጠጠር ያለበት መሬት እርጥበት ይይዛል የሚሉት በምርምር የተረጋገጠ ነው፣ ጠብታውንም ይመክታል፣ ትነቱንም ይቀንሳል። ከኩበቱ ጥቂቱ እንኳ ከምድጃ ተርፎ ብስባሽ ሆኖ ወደዚያ ማሳ ቢመለስ ለውጡን በሁለት ሦስት ዓመት ታዩታላችሁ፤ ማገዶ ከየት ይምጣ ለሚለው ደግሞ በጓሮ ጥግ ጥቂት ሰስባንያ የተባለውን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ መትከል መኖም እንጨትም ይሰጣል።

ሜዳው ላይ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ ውኃ ማቆም ሳይሆን ማስወጣት። በበሬ የሚጎተተው፣ ቢቢኤም የሚባለው የመደብ ማውጫ ለዋልካ አፈር የተሠራ ነው፤ ሰፊ መደብና በመካከሉ ቦይ ያወጣል፤ ሰብሉ መደቡ ላይ ይቆማል፣ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወጣል። ወረዳው ጋ ካለ በተራ ተዋሱ፤ ከሌለ በእጅ በተሠራ መደብ ግማሽ ጥማድ ላይ ሞክሩትና የቀረውን እንደተለመደው ዘርታችሁ አነጻጽሩ። ቦዩን ግን ክረምት ከገባ በኋላ ለመቆፈር አትጠብቁ፤ ሰኔ ሳይጋመስ አፉ እስከ ወንዙ ተከፍቶ መገኘት አለበት።